ፑል ውስጥ ቀርፋፋው ይበደላል ወይ? ስለ ክሪፕቶ ማይኒንግ ክፍፍል ማወቅ ያለባችሁ

ከጋምቤላ ከተማና ከዙሪያዋ የምትከታተሉን ልጆች በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የምትልኩልን አንድ ጥያቄ አለ። "ስልኬ ቀርፋፋ ነው፤ ፑል ውስጥ ብገባ ፈጣን ማሽን ያላቸው ሰዎች የኔን ድርሻ አይበሉብኝም ወይ?" የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከዚህ አለፍ ብላችሁ "አፑ ፍጥነትህን ለማሳደግ ብር አስገባ ይለኛል፣ ላስገባ?" ትሉናላችሁ።

ገንዘብ ያለበት ጥያቄ ስለሆነ በአንድ መስመር መልሰን ማለፍ አልፈለግንም። አጭሩ መልስ ግን ይኼ ነው፦ እውነተኛ ፑል ውስጥ ቀርፋፋው ቀርፋፋ ስለሆነ ብቻ አይበደልም፣ በሠራው ልክ ይከፈለዋል። የሚጎዱት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ፍጥነት በብር የሚሸጥላችሁ የስልክ አፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፑልም ማይኒንግም አይደለም። ረጅሙን መልስ ለሚፈልግ እነሆ።

▪️ ማይኒንግ ምንድን ነው?

ቢትኮይን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ ጥር 3 ቀን 2009 ነው። ባንክ ወይም አንድ ኃላፊ ስለሌለው ግብይቶችን መዝገብ ላይ የሚያሰፍሩት ራሳቸው ኮምፒውተሮቹ ናቸው። አዲሱ የመዝገብ ገጽ "ብሎክ" ይባላል። ገጹን የመጻፍ መብት የሚያገኘው ትክክለኛውን ቁጥር ቀድሞ የገመተው ኮምፒውተር ነው። ግምቱ በስሌት አቋራጭ የለውም። መሞከር፣ መሞከር፣ አሁንም መሞከር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ "ሃሽ" ይባላል።

የባሮን ወንዝ አስቡት። ብዙ ሰው ዳር ቆሞ መረብ ይጥላል። ወንዙ ውስጥ የሚፈለገው አንድ ትልቅ ዓሣ ነው። መረብ መጣል ማለት ሃሽ ነው፣ ትልቁ ዓሣ ደግሞ ብሎክ። ትልቁ ዓሣ በአማካይ በየ10 ደቂቃው ይያዛል፣ በቀን 144 ያህል ማለት ነው። አጥማጁ በበዛ ቁጥር ዓሣው ቶሎ ቶሎ እንዳይያዝ ሥርዓቱ በየ2016 ብሎኩ (2 ሳምንት ገደማ) ክብደቱን ያስተካክላል።

ሽልማቱ መጀመሪያ ላይ በብሎክ 50 ቢትኮይን ነበር። በየ4 ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ከሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ 3.125 ቢትኮይን ሆኗል።

▪️ ፑል ለምን አስፈለገ?

እ.ኤ.አ በ2025 በዓለም ላይ ያሉት የቢትኮይን ማሽኖች ጠቅላላ ፍጥነት 1 ዜታሃሽ አካባቢ ደርሷል። በሰከንድ 1 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ሙከራ ማለት ነው። አንትማይነር ኤስ21 የሚባለው ማሽን በሰከንድ 200 ትሪሊዮን ጊዜ ይሞክራል። በጣም ብዙ ይመስላል አይደል? ብቻውን ቢሠራ ግን አንድ ብሎክ ለማግኘት በአማካይ 95 ዓመት ይፈጅበታል። ነገ ሊያገኝ ይችላል፤ የልጅ ልጆቹም ላያገኙ ይችላሉ።

ስለዚህ ማይነሮች ተሰባስበው ይሠራሉ፤ ማንም ያግኘው ሽልማቱን ይካፈላሉ። ይኼ ነው ፑል። እኛ አገር ደቦ እንደምንለው ነው፣ ልዩነቱ ደቦው የማይተዋወቁ ሰዎች መሆኑና ምርቱ እዚያው መከፈሉ ነው። የመጀመሪያው የቢትኮይን ፑል እ.ኤ.አ በ2010 መጨረሻ ላይ ቼካዊው ማሬክ ፓላቲኑስ የጀመረው ስለሽ ፑል ነው። ዛሬ ብሬይንስ ፑል ተብሎ ይሠራል።

▪️ ማን ስንት እንደሠራ በምን ይታወቃል?

ፍትሐዊነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፑሉ እናንተ ቤት ገብቶ ማሽናችሁን አያይም። "እኔ 1 ሺህ ጊዜ መረብ ጥያለሁ" ብትሉት ለምን ያምናችኋል?

ስለዚህ ማስረጃ ይጠይቃል። ትልቁን ዓሣ ስትፈልጉ መረባችሁ ውስጥ ትንንሽ ዓሣዎች ይገባሉ። እነሱን እያመጣችሁ አሳዩ ይላችኋል። ትንንሾቹ ለገበያ አይሆኑም፣ ግን መረብ መጣላችሁን ይመሰክራሉ። ብዙ የጣለ ብዙ ትንንሽ ዓሣ ያመጣል። በማይኒንግ ቋንቋ እነዚህ ትንንሽ ዓሣዎች "ሼር" ይባላሉ፤ ፌስቡክ ላይ ከምታደርጉት ሼር ጋር አታምታቱት። ክፍያ የሚታሰበው በሼር ነው።

10 እጥፍ ፈጣን የሆነ ማሽን በአማካይ 10 እጥፍ ሼር ያመጣል፣ 10 እጥፍ ይከፈለዋል። ለአንድ ሙከራ የሚደርሰው ክፍያ ግን ከቀርፋፋው ጋር እኩል ነው። ፈጣኑ የቀርፋፋውን አይበላም፤ የራሱን ነው የሚወስደው።

ፑሎች አንድ ተጨማሪ ነገር ያደርጋሉ። ፈጣኑ ማሽን በየሰከንዱ መቶ ትንንሽ ዓሣ ቢያመጣ ፑሉ በቆጠራ ብቻ ይጨናነቃል። ስለዚህ ፈጣኑን "አንተ ከክንድ በላይ የሆነውን ብቻ አምጣ፣ አንዱን እንደ 100 እቆጥርልሃለሁ" ይለዋል። ቀርፋፋውን ደግሞ "አንተ ጣት የምታክለውንም አምጣ፣ እንደ 1 እቆጥራለሁ"። አንዳንድ ሰው ይኼን ሲያይ "ለፈጣኑ 100፣ ለኔ 1 እየተሰጠ ነው" ብሎ ይናደዳል። ነገር ግን ያ ትልቅ ሼር 100 እጥፍ ልፋት ጠይቋል። ሂሳቡ እኩል ነው።

▪️ "ግማሽ የሠራሁት ይጠፋብኛል" የሚባለውስ?

በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ሀሳቡ እንዲህ ነው፦ "የኔ ማሽን ቀርፋፋ ስለሆነ አንድ ሼር ሊጨርስ ሲል ሌላ ሰው ብሎኩን ያገኛል፣ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል፣ የኔ ግማሽ ሥራ ውኃ በላው።"

ሉዶ የምትጫወቱ ይኼ አይጠፋችሁም። ለመውጣት 6 ያስፈልጋል። 5 ጊዜ ጥላችሁ 6 ካልመጣ ስድስተኛው ላይ ዕድላችሁ ይጨምራል? አይጨምርም። ያው ከ6 አንድ ነው። ዳይሱ ቀድሞ የወጣውን አያስታውስም። ሃሽም እንደዚያው ነው። "ግማሽ የተሠራ ሼር" የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ወጥቷል ወይ አልወጣም። ስለዚህ አዲስ ብሎክ ሲጀመር ቀርፋፋው የሚያጣው የተጠራቀመ ነገር የለውም።

የሚለየው መዋዠቁ ነው። ፈጣኑ በቀን ብዙ ሺህ ሼር ስለሚያመጣ ገቢው የተስተካከለ ነው። ቀርፋፋው ዛሬ 3፣ ነገ 0፣ ከነገ ወዲያ 5 ሊያመጣ ይችላል። ረዘም ላለ ጊዜ ሲታይ አማካዩ ትክክለኛ ድርሻው ላይ ያርፋል።

▪️ የአከፋፈል ዓይነቶች

1. በዙር ክፍፍል፦ ብሎክ በተገኘ ቁጥር በዚያ ዙር ሼር ላመጡት ሁሉ እንደ ሼራቸው ይከፋፈላል። ሲሰማ ፍትሐዊ ነው፣ ግን ቀዳዳ አለው። ዙሩ ገና ሲጀመር የሚመጣ ሼር ዋጋው ከፍ ይላል፤ ዙሩ ሲረዝም ይወርዳል። ብልጦቹ ይኼን አይተው ዙር ሲጀመር ይገባሉ፣ ዙሩ የአማካዩን 43 በመቶ ገደማ ሲደርስ ወደ ሌላ ፑል ይዘላሉ። የሚጎዳው ዝም ብሎ እዚያው የሚሠራው ነው። ሜኒ ሮዘንፌልድ እ.ኤ.አ በ2011 ባወጣው ጥናት ይኼን በሂሳብ አሳይቷል። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የተጣሉት ቀርፋፋና ፈጣን አይደሉም፤ ቋሚና ዘላይ ናቸው።

2. ፒፒኤስ፦ ለእያንዳንዱ ሼር የተቆረጠ ዋጋ አለ። ፑሉ ብሎክ አገኘም አላገኘም ይከፍላችኋል። የዕድሉን ጣጣ ፑሉ ስለሚሸከም ኮሚሽኑ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል። የግብይት ክፍያንም የሚጨምረው ዓይነት ኤፍፒፒኤስ ይባላል።

3. ፒፒኤልኤንኤስ፦ ብሎክ ሲገኝ ወደኋላ ተቆጥሮ የመጨረሻዎቹ የተወሰኑ ሼሮች ይከፈላቸዋል። ዙር ስለማይቆጠር ዘላዮች ጥቅም አያገኙም። "መብራት ከጠፋብኝ እበደላለሁ?" ለሚለው፣ ቀድማችሁ ያስገባችሁት ሼር ቆጠራው እስኪያልፍበት ድረስ ይቆያል። ስለዚህ በሼር የሚደርሳችሁ አማካይ ክፍያ አይለወጥም፤ መዋዠቁ ነው የሚጨምረው።

▪️ ታዲያ ቀርፋፋውን የሚጎዳው ምንድን ነው?

አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ኔትወርክ። ቀርፋፋ ማሽንና ቀርፋፋ ኔትወርክ ይለያያሉ። ትልቁ ዓሣ ከተያዘ በኋላ የምታመጡት ትንሽ ዓሣ አይቆጠርም፣ "ያረጀ ሼር" ይባላል። ከጋምቤላ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ድረስ ደርሶ መመለሱ 0.3 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ከ10 ደቂቃ (600 ሰከንድ) አንጻር ኪሳራው 0.05 በመቶ ነው። ምንም አይደለም። መስመሩ ተጨናንቆ 6 ሰከንድ ከዘገየ ግን 1 በመቶ ይሆናል። ብሎኩ በየ2 ደቂቃ ተኩል በሚገኝበት በላይትኮይን ደግሞ ያው 6 ሰከንድ 4 በመቶ ያስከፍላል። ይኼ ኪሳራ ፈጣን ማሽንም ቢኖራችሁ አይቀርላችሁም። የሚለየው የቆማችሁበት ቦታ ነው።

ሁለተኛ፣ ዝቅተኛ ማውጫ። አንዳንድ ፑል 0.005 ቢትኮይን እስክታጠራቅሙ አይከፍልም እንበል። ባለ 200 ትሪሊዮኑ ኤስ21 በቀን 0.00009 ቢትኮይን ገደማ ስለሚያገኝ በ55 ቀን ይደርሳል። እ.ኤ.አ በ2016 የወጣው ኤስ9 (13.5 ትሪሊዮን) ግን 820 ቀን፣ ማለትም ከ2 ዓመት በላይ መጠበቅ አለበት። ሼሩ በትክክል ተቆጥሮለታል፤ ብሩ ግን እጁ አልገባም። መሐል ላይ ማሽኑ ቢቃጠል ወይ ፑሉ ቢዘጋ የተጠራቀመው እዚያው ሊቀር ይችላል። ለሁሉም እኩል የሆነ የማውጫ ክፍያ ካለ ደግሞ ከትንሹ ገቢ ላይ ትልቁን ቁራሽ የሚቆርጠው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ መብራት። ለብዙዎቻችን ዋናው ይኼ ነው። ኤስ21 3,500 ዋት፣ ኤስ9 ደግሞ 1,350 ዋት ገደማ ይበላል። ኤስ9 ለተመሳሳይ ሥራ ከ5 እጥፍ በላይ ኃይል ይጨርሳል ማለት ነው። ኪሎዋት ሰዓቱን በ3.14 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ቢትኮይንን በ100 ሺህ ዶላር እናስላው። ኤስ9 በቀን 60 ሳንቲም ገደማ ያስገባል፣ ለመብራት 1 ዶላር ያወጣል። ኤስ21 9 ዶላር ገደማ ያስገባል፣ 2 ዶላር ከ64 ሳንቲም ያወጣል። ፑሉ ሁለቱንም በእኩል ዓይን አይቷቸዋል፤ አንዱ ግን እየከሰረ ነው። እንደ ጋምቤላ ባለ ሙቀት ደግሞ ማሽኑን ለማቀዝቀዝ የሚወጣው ተጨማሪ ነው።

አራተኛ፣ እምነት። ፑሉ ሼራችሁን አሳንሶ ቢቆጥር ወይም ኮሚሽኑን ቢደብቅ በአንድ ቀን አታውቁም። ትልልቆቹ ማይነሮች ተደራድረው ኮሚሽን ያስቀንሳሉ፤ ትንሹ የተለጠፈውን ይከፍላል። ማይነርም ሊያጭበረብር ይችላል። ትንንሽ ዓሣ እያሳየ ትልቁን ቢደብቅ ድርሻ ይበላል፣ ፑሉን ግን ያከስራል። እ.ኤ.አ በ2014 ኤሊጂየስ የተባለው ፑል በዚህ መንገድ 300 ቢትኮይን ገደማ አጥቷል።

▪️ በአገራችን ማይኒንግ የሚሠራው ማነው?

ከላይ የጠቀስነው 3.14 ሳንቲም ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን ኩባንያዎች ኃይል የሸጠበት ዋጋ ተብሎ የተዘገበው ነው። በ2024 (እ.ኤ.አ) መጀመሪያ ላይ ብሉምበርግ እንደዘገበው ተቋሙ ከ21 ማይኒንግ ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ ነበር፤ 19ኙ የቻይና ናቸው። እነዚህ ከከፍተኛ መስመር ጣቢያዎች አጠገብ ማሽን በኮንቴይነር የደረደሩ ድርጅቶች ናቸው፤ ክፍያቸውም በዶላር ነው። በ2025 ደግሞ የተቋሙ ዋና ሥራ አስፈፃሚ አሸብር ባልቻ ለአዲስ ማይነሮች ፈቃድ መስጠት መቆሙን ተናግረዋል።

ሕጉንም እወቁት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። በዚያው ዓመት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢመደአ) በክሪፕቶ ሥራ የተሰማሩ እንዲመዘገቡ ጠርቷል።

ስለዚህ ኒውላንድ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልክ የሚነካካ ልጅና ኮንቴይነር ሙሉ ማሽን ያለው ኩባንያ አንድ ጨዋታ ውስጥ አይደሉም።

▪️ ስልክስ?

ስልካችሁ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ጊዜ ቢሞክር ብለን አሰላነው። ለብቻው አንድ ብሎክ ለማግኘት በአማካይ 1.9 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። "እሺ ፑል ልግባ" ብትሉስ? ኮሚሽን የማይቆርጥ፣ ፍጹም ፍትሐዊ ፑል ውስጥ 1 ሳቶሺ ለማግኘት 6 ዓመት ገደማ ይወስዳል። ሳቶሺ የቢትኮይን 100 ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ቢትኮይን 100 ሺህ ዶላር ቢያወጣ እንኳ የ6 ዓመት ልፋታችሁ የአንድ ሳንቲም አንድ አስረኛ ነው። ሳምንት ሳይሞላ የሚያልቀው የዳታ ፓኬጅ ከዚህ ይበልጣል።

ከስልክና ከተራ ኮምፒውተር ጋር የተሻለ የሚስማሙ እንደ ሞኔሮ ያሉ ሳንቲሞች አሉ። ሆኖም ጎግል ፕሌይም አፕልም ከ2018 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ስልክ ላይ ማይኒንግ የሚሠሩ አፖችን ከልክለዋል። ስለዚህ ፕሌይ ስቶር ላይ ያለ አፕ "ስልክህ ማይኒንግ እየሠራ ነው" ካላችሁ፣ ወይ ሕግ ጥሷል ወይ እየሠራ አይደለም።

እ.ኤ.አ በ2019 የጀመረውን ፓይ ኔትወርክን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በየ24 ሰዓቱ አንድ ጊዜ መጫን ነው። እዚያ የስልክ ፍጥነት ምንም ለውጥ አያመጣም። መጠኑን የሚወስኑት ድርጅቱ ያወጣቸው ደንቦች ናቸው፣ ሰው መጋበዝም አንዱ ነው። በ2024 ቴሌግራም ላይ ሁላችንም ስንነካካው የነበረው ሀምስተር ኮምባትም እንደዚያው ነው፤ ነጥቡ ወደ ሳንቲም ሲቀየር መስፈርቱን ያወጡት ባለቤቶቹ ናቸው። ሁለቱም ከላይ ባልነው መንገድ የሚሠራ ፑል አይደሉም። ሼር የለም፣ ስለዚህ "የሠራሁት ልክ ይኼ ነው" ብላችሁ የምታስሉበት ነገር የለም።

ከሁሉም የሚያሳስበን ሦስተኛው ዓይነት ነው። "ማሽን አከራይሃለሁ፤ ቪአይፒ 1 ይህን ያህል ብር፣ ቪአይፒ 2 ያን ያህል፤ ብዙ ባስገባህ ቁጥር ማይኒንግህ ይፈጥናል" የሚለው። መጀመሪያ ትንሽ ይከፍላል፣ ጓደኛ አምጡ ይላል፣ አንድ ቀን ማውጫው ይዘጋል። እዚህ ላይ "ቀርፋፋ ነህ" የሚባለው ቃል የሚያገለግለው ተጨማሪ ብር ለማስገባት ብቻ ነው።

▪️ ከመግባታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ

✔️ የሚከፈለኝ በሼር ነው? ሼሬ ስንት እንደሆነ ማየት እችላለሁ?
✔️ አከፋፈሉ የቱ ነው? ኮሚሽኑ ስንት ነው?
✔️ ዝቅተኛ ማውጫው ስንት ነው? በኔ ፍጥነት ስንት ቀን ይፈጃል?
✔️ ያረጁ ሼሮቼ ከ1 በመቶ በላይ ናቸው? ከሆኑ ችግሩ መስመሩ ነው።
✔️ ፑሉ አገኘሁ የሚላቸው ብሎኮች በይፋዊው መዝገብ ላይ ይታያሉ?
✔️ የመብራቱን ሳልቀንስ ሳይሆን ቀንሼ ምን ይተርፈኛል?
✔️ ለመጀመር ወይም ለመፍጠን ብር አስገባ ይለኛል?

ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ "አዎ" ከሆነ ሌሎቹን መጠየቅ አያስፈልግም። በቃ ውጡ።

በኢንቦክስ ለጠየቃችሁን፦ ስልካችሁ ቀርፋፋ ስለሆነ የተበላባችሁ ነገር የለም። ፈጣን ስልክ ብትገዙም የሚለወጥ ነገር የለም። ለ"ቪአይፒ" ያሰባችሁትን ብር ግን እጃችሁ ላይ አቆዩት። ብር ሊያስገባ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ይኼን ላኩለት፤ ያልገባችሁ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ እንመልሳለን።